ሐዋሳ ሆኖ የልብ ህክምና መምረጥ፦ የት፣ በምን፣ ከማን ጋር?

አንድ ልጅ «ልቡ ላይ ድምፅ አለ፣ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ» ሲባል ቤተሰቡ በአንድ ቀን በአራት ሐሳብ ይከፈላል። አጎት «አዲስ አበባ ውሰዱት» ይላል። ጎረቤት የግል ክሊኒክ ይጠቁማል። ውጭ ያለ ዘመድ ደውሎ «ህንድ ካልሄደ አይሆንም» ይላል፣ አያት ደግሞ ጠበሉ ይቅደም ትላለች። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። ግን ያለው ገንዘብ አንድ ነው፣ መምረጥ የግድ ነው።

ታናሽ እህቴ ለዓመታት በሩማቲክ የልብ ህመም ክትትል ላይ ናት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት የሚያዘውም የሚቀይረውም ሐኪማችሁ ነው። ነገር ግን ከካርድ ክፍል እስከ ኤኮ ክፍል ያለውን ወረፋ ሁሉ አብሬያት ጠብቄያለሁ፣ ያነበብኩትንም ሐኪሞቿን እየጠየቅኩ አጣርቻለሁ። ይህ በሽታ የሚያጠቃው ቫልቭን፣ ማለትም ደም የሚያልፍበትን የልብ በር ነው፣ የቫልቭ ህመም ደግሞ ከዓመት ዓመት አብሮ የሚኖር ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ በሁለት ጥያቄ መዝኑት፦ ይህን ለአሥር ዓመት መቀጠል እንችላለን ወይ? የሚያክመን ሰውስ ያዳምጠናል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ያላሟላ አማራጭ ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን እኔ አልመርጠውም።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ባጭሩ። መነሻው የጉሮሮ ህመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ ያርፋል፣ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና የልብን ቫልቭ ያጠቃል። በብዛት የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ነው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራል፣ በሀብታም አገሮች ግን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። እኛ ሰፈር ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አለ። እንጥል መቆረጥ ልብን አያድንም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ያገኘ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ መከራ ሊተርፍ ይችላል።

ሪፈራል፣ የግል ወይስ አዲስ አበባ?

ሐዋሳ «ሪፈራል» ስንል የዩኒቨርሲቲውን ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ማለታችን ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዋጋው ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር እያጻፈ በደረጃ ከመጣ ወጪው በጣም ይቀላል። ደረጃውን ዘሎ የመጣ ግን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል፣ ስለዚህ ያቺን የሪፈር ወረቀት አትናቋት። ሌላው ጥቅሙ ፋይሉ አንድ ቦታ መቆየቱ ነው። ጉዳቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ወረፋው ረጅም ነው፣ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ዛሬ ያያችሁ ሐኪም በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይኖር ይችላል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል።

የግሉ ፈጣን ነው። ጠዋት ሄዳችሁ ከሰዓት የኤኮውን ውጤት ይዛችሁ በባጃጅ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ሐኪሙ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ብዙ ጊዜም ያው በመንግሥት ሆስፒታል ቀን የሚሠራው ሐኪም ነው ማታ የግል የሚገባው። ጉዳቱ ገንዘቡ ቀስ በቀስ ማለቁ ነው። የአንድ ቀን ክፍያ ብቻ ሲታይ ይቻላል። በየሦስት ወሩ ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ ኤኮ፣ መድኃኒት ሲደመር ግን ብዙ ቤተሰብ በሁለተኛው ዓመት ይደክመውና ክትትሉን ጨርሶ ያቆማል። ከዚያ ልጁ የሚመለሰው እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ነው። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ቤተሰቦች ቸልተኛ አልነበሩም። የማይዘልቁበትን መንገድ በመልካም ልብ መርጠው ነው።

አዲስ አበባ የቀዶ ጥገናና የከበዱ ውሳኔዎች ቦታ ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል ብዙ ሰው ያውቀዋል። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. እዚሁ አገር ውስጥ ያስከፈተው ነው። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ግን ብዙ ሺህ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ አስታማሚ አለ፣ የሥራ ቀን የሚቀርበት ደግሞ አባት ወይም እናት ነው። ለተለመደ ክትትል፣ ግፊት ለመለካትና መድኃኒት ለማሳደስ ይህን መንገድ መመላለስ ጉልበት መጨረስ ነው።

እኔ የምመክረው ሦስቱንም እንደየሥራቸው መጠቀምን ነው። መደበኛ ክትትሉ ሐዋሳ፣ መንግሥት ቤት ይሁን። የኤኮ ወረፋው ወራት ከወሰደ አንድ ጊዜ በግል አስነሱና ውጤቱን ወስዳችሁ ሪፈራል ካለው ፋይል ጋር አያይዙት። አዲስ አበባ ደግሞ ሐኪማችሁ «ለፊኛ (የጠበበ ቫልቭ ለማስፊያ) ወይም ለቀዶ ጥገና ትታይ» ብሎ ሲጽፍ ብቻ። እያንዳንዱን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፋይል ይጠፋል፣ ፎቶው ግን ያድናችኋል።

ስለ ኤኮ አንድ ነገር ልጨምር። «ደህና ነው ተብሏል» ብላችሁ ብቻ አትውጡ፣ ቁጥሩን ጠይቁ። የሚትራል ቫልቭ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) መክፈቻ በጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ 1.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከባድ ጥበት ነው። ኢኤፍ የሚባለው ደግሞ ልብ በአንድ ምት የምትገፋውን የደም መጠን በመቶኛ ይናገራል፣ ከ55 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው። በሁለት ቦታ በሁለት ሰው የተነሳ ኤኮ ትንሽ ቢለያይ አትደንግጡ። የሚያስፈልገው በየዓመቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ነው፣ ለዚህም ነው የድሮውን ውጤት ይዞ መሄድ ዋጋ ያለው።

ሐኪሙን እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ የሚል ትልቅ አጀንዳ ይዞ ቆይቷል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ለልብ ሕመምተኛ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያልገባው ሰው መድኃኒቱን ያቆማል፣ የተቆጡት ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጣም።

አንዱ ሐኪም እህቴን ቀና ብሎ ሳያያት «ከእንግዲህ ከባድ ሥራ የለም፣ ወሊድም የለም» ብሎ ጽፎ ሰጣት። ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ለብዙ ቀንም አልተናገረችም። ሌላኛዋ ሐኪም ደግሞ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጣ ልብ ሳለችላት። በአራት ክፍል ከፈለችው፣ በግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ባለ ሁለት ተካፋች በር ሠራች፣ «የአንቺ በር እዚህ ጋ ጠርዙ ተጣብቋል፣ ስለዚህ ደሙ ወደ ኋላ ሳንባሽ ላይ ይጠራቀማል፣ ደረጃ ስትወጪ የሚያፍንሽ ለዚያ ነው» አለቻት። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጥታት «እስቲ አንቺ ደግሞ አስረጂኝ» አለች። እህቴ በሽታው እንዳይመላለስ የምትወጋውን መርፌ አንድም ወር ሳታሳልፍ መውሰድ የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ስለ ወሊድም ነገሩ «ፈጽሞ የለም» እንዳልሆነ፣ ቀድሞ መመካከርና መታቀድ እንዳለበት ያወቅነው ከዚህችው ሐኪም ነው።

ስለዚህ እነዚህን ተመልከቱ። ለልጁ ራሱ ያወራል ወይስ ከጭንቅላቱ በላይ ለእናንተ ብቻ? የመድኃኒቱን ስምና ሥራ ይነግራችኋል? ጥያቄ ስትጠይቁ ይቆጣል? ከገጠር መጥታ ሲዳምኛ ብቻ የምትናገር እናት ስትሆን የሚያስተረጉምላት ነርስ ይጠራል ወይስ የታመመውን ልጅ ራሱን አስተርጓሚ ያደርገዋል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ልጁ ስለ ራሱ ልብ ያለውን ክፉ ዜና ለእናቱ እንዲተረጉም ይደረጋል። እባካችሁ፣ አጠገባችሁ ሲሆን ካያችሁ እናንተው ተነሱና አስተርጉሙ።

መርፌ ወይስ ክኒን?

በሽታው እንዳይመላለስ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ ነው፣ በየ28 ቀኑ፣ ለአንዳንዱ በየ21 ቀኑ። አማራጩ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ነው። መርፌው ያማል፣ እውነት ነው። ግን በወር አንድ ቀን ነው። ክኒኑ አያምም፣ ግን በወር 60 ጊዜ ማስታወስ ይፈልጋል፣ ያውም ምንም ለማያመው ወጣት። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው መርፌው ይሻላል። በሰሜን ኡጋንዳ 818 ልጆች ላይ የተሠራና ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ልጆቹ ምንም ምልክት አልነበራቸውም፣ ችግሩ የተገኘው በኤኮ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት በሽታው የገፋባቸው 0.8 በመቶ ናቸው፣ ካልወሰዱት ግን 8.2 በመቶ። ጎረቤት አገር ላይ፣ እኛን በሚመስሉ ልጆች ላይ የተገኘ ውጤት ነው።

መርፌውን የሚፈራው ታማሚው ብቻ አይደለም፣ ብዙ ክሊኒክም «ይሄን አንወጋም» ይላል። የሚፈራው አለርጂው ነው፣ እሱ ግን በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ግን ሌላ ነገር አስተውሏል፦ ከመርፌው በኋላ ሞቱ ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ናቸው፣ ምክንያቱም አለርጂ ሳይሆን በሕመሙና በድንጋጤው ልባቸው መቋቋም አቅቷት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከባድ ጥበት ላለበት ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ክኒኑ ሊመረጥ ይችላል። «እኔ ከየትኛው ነኝ?» ብላችሁ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አትቀይሩ።

መርፌውን ለሚወስዱ የሚረዳ ነገር አለ። ቁርስ በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ። ተቀምጣችሁ ሳይሆን ተኝታችሁ ተወጉ። እህቴን የምትወጋት ነርስ ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መካከል አድርጋ እየቆየች ታሽከረክረዋለች፣ ቅዝቃዜው እስኪለቅ። የሚወጋበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትይዛለች፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ትገፋዋለች፣ እየገፋችም ስለ ትምህርቷ ትጠይቃታለች። ማሞቁ፣ መጫኑ፣ ቀስ ማለቱ ሕመሙን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ወጪም የለውም። እንዲህ የምታደርግ ነርስ ካገኛችሁ የምትገባበትን ቀን ጠይቃችሁ ቀጠሯችሁን ከእሷ ጋር አስማሙ።

ጠበል ለሚሄዱም አንድ ቃል፦ ሂዱ፣ ግን መርፌውና ክኒኑ አይቋረጡ። ሁለቱ አይጣሉም።

ፊኛ፣ ጥገና፣ ቅየራ

ቫልቩ የጠበበና ደም ወደ ኋላ ብዙ የማያፈስ ከሆነ፣ የሚከፈቱት የሚዘጉት ቅጠሎቹም ገና ለስላሳ ከሆኑ፣ ደረት ሳይከፈት በብሽሽት ደም ሥር በሚገባ ፊኛ ማስፋት ይቻላል። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ታማሚው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቤቱ ይገባል፣ የራሱ ቫልቭም ይቆይለታል። ለዚህ ብቁ የሆነ ሰው ከቀዶ ጥገና በፊት ይህን ይጠይቅ። በጊዜ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፣ ቫልቩ ጠጥሮ ድንጋይ ከሆነ ይህ በር ይዘጋል። የሚያፈስ ቫልቭ ደግሞ ከተቻለ ቢጠገን ይመረጣል፣ ካልተቻለ ይቀየራል።

ቅየራ ላይ ሲደረስ ምርጫው የብረት ወይም የእንስሳ ነው። ይህ ውሳኔ ኑሮን ስለሚቀይር ረጋ ብላችሁ አስቡበት። የብረቱ አሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን የሚባለው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው። የእንስሳው ያለ ዋርፋሪን መኖር ሊያስችል ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው የሚቆየው፣ በወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይጠብቃል። ከላም የሚሠራም ከአሳማ የሚሠራም አለ። በሃይማኖታችሁ ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሸኻችሁም ጋር በጊዜ ተመካከሩ።

ለሴት ልጅ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ካቋረጡት ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ማርገዝ የምትፈልግ ወጣት ቫልቩ ከመመረጡ በፊት ይህ ጥያቄ ለእሷው መቅረብ አለበት። ለባሏ፣ ለአባቷ ወይም ለወንድሟ ብቻ ተነግሮ መታለፍ የለበትም።

ሌላው መመዘኛ ደግሞ ቤታችሁ የት እንደሆነ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግ አለበት። የብረት ሚትራል ቫልቭ ላለው ቁጥሩ በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ይህ ይቻላል። ከበንሳ ወይም ከአሮሬሳ ገጠር ለሚመጣ ግን በየወሩ መመላለሱ ራሱ አንድ በሽታ ነው። ሐኪሙ ይህን እንዲያውቅ ንገሩት፣ አድራሻችሁ ከኤኮው እኩል ይመዘናል።

ከዋርፋሪን ጋር መኖር ደግሞ ከወጥ ቤት ይጀምራል። ጎመን ዋርፋሪንን ያዳክማል። ሁዳዴ ሲገባ ጎመን በየቀኑ ይሆናል፣ ፋሲካ ሲመጣ ይጠፋል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል ይወጣል። ጎመን ክልክል አይደለም፣ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን። ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራ ብታደርጉ ጥሩ ነው። ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ የምትገዟቸው ባክትሪም፣ ፍላጂል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ አይለይ፣ ጥርስ ለማስነቀል ስትሄዱም ጭምር።

ዋርፋሪን ወይስ አዲሶቹ ክኒኖች?

ውጭ ያለ ዘመድ «ምርመራ የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት አለ፣ ልላክላችሁ» ይላል። ደግነቱን አመስግኑ፣ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያይ አትጀምሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመና በ24 የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ አገሮች ከ4,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የሩማቲክ ልብና የተዛባ የልብ ምት ባለባቸው ታማሚዎች ላይ ከአዲሶቹ አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪን ዓይነቶቹ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ብዙ ሰው አዲሱ ያሸንፋል ብሎ ሲጠብቅ አሮጌዎቹ በለጡ፣ ከእነሱ ጋር የሞተው ሰው አነሰ። የብረት ቫልቭ ላላቸው ደግሞ ዳቢጋትራን የሚባለውን ሌላ አዲስ ክኒን የሞከረው ጥናት ደም መርጋትም መፍሰስም ስለበዛ በጊዜው እንዲቆም ተደርጎ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስለዚህ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪኑን በአዲሶቹ አይተካም። ርካሹ መድኃኒት እዚህ ላይ የተሻለው ነው፣ ይህ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ውጭ አገር መሄድስ?

ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ከአዲስ አበባ የልብ ሐኪም «ይህ ቀዶ ጥገና እዚህ ይሠራል ወይ? ተራው መቼ ይደርሳል?» የሚል መልስ አግኙ። ከሄዳችሁም ተመልሳችሁ የምትከታተሉት ሐዋሳ ስለሆነ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርትና የቫልቩን ካርድ ሳትቀበሉ አትውጡ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የመድኃኒትና የምርመራ ወጪም ከተሰበሰበው ላይ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁሉን ለቲኬትና ለሆስፒታል አውጥቶ ዋርፋሪን መግዣ የሚያጣ ሰው አለ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው። ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ፣ ራሱን የሳተ፣ ፊቱ ወይም እጁ በአንድ ጎን የዛለ፣ የብረት ቫልቭ ኖሮት ድንገት ያፈነው ሰው ቤታችሁ ካለ ማነጻጸሩን ተዉት። አዲስ አበባ ብላችሁ በሌሊት በሻሸመኔ መንገድ አትውጡ። ቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አለው፣ አዳሬም ይሁን ሪፈራል፣ ቀጥታ እዚያ ግቡ። መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው፣ የኤኮውን ወረቀትም ይዛችሁ ውጡ። ታማሚውን አታስተኙት፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን በጎኑ አስተኙት።